ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ጨለማ፦ የመንታ ሞተር ኮርሴ

የመንታ ሞተር በረራ ኮርስ ጨርሼ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ለመመዝገብ ያሰቡ ጓደኞቼ "እንዴት ነበር?" እያሉ ይደውላሉ። ለእያንዳንዱ ከመተረክ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የአውሮፕላኗንም ዓይነት አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረምና ስሟ በከንቱ እንዲነሳ አልፈልግም። አራት መቀመጫ አላት። ሁለት ፒስተን ሞተር አላት። እግሯን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። ይኼ ይበቃል።

ነጥቡን ከፊት ልስጥ። ለአሰልጣኙ ከ5 5። ለአውሮፕላኗ 4። ለጥገና ክፍሉ... እሱን ቆየት ብለን።

የክፍል ትምህርቱ ሦስት ቀን ነው። ደህና ነው። አንድ ሞተር ሲጠፋ የሚቀረው ጉልበት ግማሽ ቢሆንም፣ ወደ ላይ የመውጣት አቅም ግን ከ80 በመቶ በላይ ሊጠፋ እንደሚችል በደንብ አስረዱን። ፍጥነት መለኪያው ላይ ስላሉት ቀይ እና ሰማያዊ መስመሮችም እንዲሁ። ከቀዩ በታች ከወረዳችሁ የቀረው ሞተር አፍንጫዋን ወደ ሞተው ጎን እየጎተተ ያዞራታል፤ መሪው አይመልሳትም። ሰማያዊው ደግሞ በአንድ ሞተር ከሁሉ የተሻለ የምትወጡበት ፍጥነት ነው። ይኼን ሁሉም ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ አልደጋግመውም። ሲሙሌተሩም ይሠራል። ወንበሩ ግን ወገብ ይሰብራል።

ስለ ላንዲንግ ጊር የተሰጠን ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። ጊር ስል የመኪናውን ማርሽ እንዳይመስላችሁ። እግሩን ነው፤ ጎማውን፣ ምሰሶውን፣ የሚያጥፈውን የሚዘረጋውን ሁሉ። አብራሪ ሁሉ ጊር ነው የሚለው።

የእኛዋ እግሯን የምትሰበስበው በሃይድሮሊክ ነው። በኤሌክትሪክ የምትሠራ አንዲት ፓምፕ አለች። ማንሻውን ወደ ላይ ስታደርጉት ዘይት ትገፋለች፣ ሦስቱ እግሮች ይታጠፋሉ። የገረመኝ፣ ከታጠፉ በኋላ የሚይዛቸው መንጠቆ የለም። የዘይቱ ግፊት ብቻ ነው ተሸክሞ የሚያቆያቸው። ግፊቱ ከጠፋ በራሳቸው ክብደት ዱብ ይላሉ። መጀመሪያ ስሰማው "ይኼማ የንድፍ ጉድለት ነው" ብዬ ነበር። ለካ ብልጠት ነው። ዘይት ፈሰሰ፣ ፓምፕ ተቃጠለ፣ ባትሪ ሞተ፣ እግሩ የሚሄደው ወደ ታች ነው። የድንገተኛ ማውረጃውን እጀታ ስትስቡ የምታደርጉትም ሌላ ተአምር አይደለም፤ የቀረውን ግፊት ማስተንፈስ ነው።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። ቢችክራፍት ባሮን እግሩን በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚያወርድ፣ መጠባበቂያው የእጅ መዘውር ነው። ከፊት ወንበሮች ጀርባ እጃችሁን ጠምዝዛችሁ 50 ዙር ያህል ማሽከርከር ነው። በመጀመሪያዎቹ ፓይፐር አፓቺዎች ላይ ደግሞ የሃይድሮሊኩ ፓምፕ የተገጠመው በግራው ሞተር ላይ ብቻ ነበር። ግራው ሞተር ተነስታችሁ ሳትርቁ ከጠፋ፣ እግሩን የምትሰበስቡት በእጅ ፓምፕ ነው። ያውም እጅ በሚጠፋበት ሰዓት።

እግሩ ወርዶ ሲያበቃ የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ደጋፊ ብረት አለው። የሰው ጉልበት በሉት። ጉልበታችሁ ቀጥ ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ ካለፈ፣ ቆማችሁ ብታንቀላፉም ይይዛችኋል። ያን ያህል ካልሄደ ግን ከኋላ በጣት ቢነኳችሁ ትታጠፋላችሁ። ብረቱም እንደዚያው ነው፤ መሃሉን ማለፍ አለበት። ሲያልፍ ትንሽ ስዊች ይጫናል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል። የሦስቱም ስዊች ሲጫን ፓምፗ ጸጥ ትላለች። ይቺን ፓምፕ ያዙልኝ።

አሁን ወደ አራተኛው በረራ።

አሰልጣኜ ስድሳን የተሻገሩ ካፒቴን ናቸው። ብዙ አያወሩም። ተሳስታችሁ ስታዩዋቸው መስኮት መስኮቱን ያያሉ፤ ያኔ ስህተታችሁን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ። የዚያን ቀን ከልምምድ ቦታ የቀኙን ሞተር አጥፍተን፣ መልሰን አስነስተን፣ ደስ ብሎኝ ነበር የምመለሰው። ከመንደርደሪያው ጎን ስንደርስ ማንሻውን አወረድኩ።

ፓምፗ ማቃሰት ጀመረች። ብዙ ጊዜ ስድስት ሰባት ሰከንድ ነው የሚፈጅባት። ግራ፣ አረንጓዴ። ቀኝ፣ አረንጓዴ። የፊቱ ጨለማ። ከላይ ያለችው፣ እግሩ ገና አልተቆለፈም የምትለው ቀይ መብራትም አልጠፋችም። ከሁሉ በላይ ግን ድምፁ። ፓምፗ አላቆመችም። እያቃሰተች ቀጠለች።

"ካፒቴን፣ የፊቱ አልበራም።"

"አይቻለሁ። አንቺ አብሪ።"

እኔ እጄን ወደ መብራቷ ላክሁ። ነካ ነካ ላደርጋት።

"አውሮፕላኗን ነው ያልኩሽ፤ አምፖሏን አይደለም።"

በዚያ ሰዓት አልሳቅሁም። አሁን ግን ባስታወስኩ ቁጥር ያስቀኛል። በአማርኛችን አውሮፕላንም "አብሪ" ነው፣ አምፖልም "አብሪ" ነው። የቱን እንደምታስቀድሙ ቋንቋው አይነግራችሁም።

ቀልድ ግን አልነበረም። ማታ ቁጭ ብለን ነው የነገሩኝ። ዲሴምበር 29 ቀን 1972 እንደ ፈረንጆቹ፣ ማያሚ ለማረፍ የተቃረበ የኢስተርን አየር መንገድ ትራይስታር የፊት እግሩ አረንጓዴ አልበራ አለ። የበረራ ክፍሉ ሰው ሁሉ አምፖሏ ላይ አፈጠጠ። አውቶፓይለቱ ከፍታ መያዙን ሳያውቁት ተወው፤ አውሮፕላኑ በጨለማ ቀስ እያለ ወርዶ ረግረጉ ውስጥ ገባ። ከ176 ሰው 101 ሞተ። እግሩ ወርዶ ተቆልፎ ነበር። የተቃጠለው አምፖሉ ነው።

ታወሩን አሳውቀን ከዙሩ ወጣን። ከፍ አልን። ካፒቴን መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቼክሊስት ማውጣት አልነበረም። ጭናቸው ላይ ባለችው ወረቀት ሰዓቱን ጻፉ። ከስሩ፦ "ነዳጅ፣ 2 ሰዓት ከ10"። ከዚያ በኋላ በየአሥር ደቂቃው "ነዳጅ?" ይሉኛል። እመልሳለሁ። ይጽፋሉ። ለዚህም ታሪክ አላቸው። በ1978 ዲሴምበር 28 ፖርትላንድ አጠገብ የዩናይትድ ዲሲ 8 በጊር ችግር አንድ ሰዓት ያህል ሲዞር ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ። አሥር ሰው ሞተ። እግሩ ወርዶ ነበር እኮ። በረራ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዴት መነጋገር እንዳለባቸው አየር መንገዶች ማስተማር የጀመሩት ከዚህ ዓይነቱ አደጋ በኋላ ነው።

ከዚያ ቼክሊስቱ። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ አበራለሁ። አውሮፕላኗን።

የክንፍ ጫፍ መብራት፣ ጠፍቷል። ይኼ ሞኝ ጥያቄ ይመስላል፣ አይደለም። በአንዳንዶቹ ላይ የክንፍ ጫፍ መብራት ሲበራ፣ ማታ ዓይን እንዳይወጉ ተብሎ አረንጓዴዎቹ ይደበዝዛሉ። በጠራራ ፀሐይ ያበራቸው ሰው የጠፉ ይመስሉታል። ከዚያ ሰርኪት ብሬከር፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ብቅ ብላ ኤሌክትሪኩን የምትቆርጠዋ ቁልፍ። ሁሉም በቦታው ነው። እዚህች ላይ ካፒቴን ጣታቸውን እያንዳንዱ ብሬከር ላይ እያሳለፉ ነው የቆጠሩት፤ በዓይን ማየት አይበቃቸውም። ኖቬምበር 1 ቀን 2011 የፖላንዱ ሎት አየር መንገድ ቦይንግ 767 ዋርሶ ላይ በሆዱ ያረፈው ሃይድሮሊኩ ፈስሶበት፣ የመጠባበቂያ ማውረጃውም አንዲት ብሬከር ወጥታ ስላልሠራለት ነው። 231 ሰው ተሳፍሯል፣ ሁሉም በሕይወት ወጣ። አውሮፕላኑን ከመሬት አንስተው ብሬከሯን ሲመልሷት እግሩ ወረደ።

የእኛ ብሬከር አልወጣም። አምፖሎቹን ቀየሩ። የፊቱን አምፖል ነቅለው ግራው ቦታ ከተቱት፤ በራ። የግራውን ወደ ፊቱ ቦታ ወሰዱት፤ ጨለማ። ስለዚህ አምፖል አይደለም።

ግራው ሞተር ሽፋን ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለች። በእሷ የፊቱን እግር ማየት ይቻላል። ተንጠልጥሎ ይታየኛል። ታወሩ አጠገብ ዝቅ ብለን አለፍን። "ሦስቱም የወረዱ ይመስላሉ" አሉን። ቅን ሰዎች ናቸው፣ ሌላ ምን ይበሉ? "መውረድ" እና "መቆለፍ" ግን ለየቅል ናቸው። ያን ከማማ ላይ በመነጽር የሚያይ ሰው የለም።

ፍጥነታችንን ከ100 ኖት በታች አወረድኩ። እግሮቹን ነፋስ እንዳይታገላቸው ነው። ካፒቴን እጀታውን ሳቡት። ቀድመው የፓምፗን ብሬከር ስበው ስላጠፏት ጸጥታ ነበር። ከሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ ሲል ተሰማኝ፣ ሌላ ምንም። በመሪ ፔዳሉ አፍንጫዋን ግራ ቀኝ ወዘወዝኳት። ምንም። ጨለማ።

"ማንሻውን መልሼ ላንሳውና እንደገና ላውርደው?"

"ሁለት እግር ሰጥታሻለች። የሰጠችሽን አትመልሺላት።"

"እሺ፣ ፕሮፔለሮቹ መሬት እንዳይነኩ ሞተሮቹን ከማረፋችን በፊት እናጥፋቸው?" ይኼን ያነበብኩት ነው። ፕሮፔለር መሬት ከነካ ሞተሩ ተፈትቶ ውስጡ መታየት አለበት፤ ሁለት ሞተር ሲሆን አስቡት።

"ብንስት በምን ልንነሳ ነው?"

አልመለስኩም። መስኮቱን አላዩም ግን። ይኼን ልብ ብያለሁ።

ማረፊያው ራሱ ረጅም ወሬ የለውም። ቀበቶ አጠበቅን። በሩን ከመቆለፊያው አላቀቅን፤ ሰውነቷ ቢጣመም እንዳይነክስብን። ጋዙን ወደ ኋላ ስመልሰው ጡሩንባዋ ጮኸች። አንዱ እግር ሳይቆለፍ ጋዝ ከቀነሳችሁ የምትጮህ ናት። ሥራዋ ነው፣ አልቀየማትም። ግን እስከ መጨረሻው ስትጮህ ጆሮ ላይ ሳይሆን ጥርስ ላይ ነው የምትሰማው። የኋላዎቹ ጎማዎች ነኩ። አፍንጫዋን በሙሉ ክንዴ ይዤ አቆየኋት። ፍሬን አልነካሁም። ፍጥነቱ እያለቀ ሲሄድ ክንዴ ውስጥ ያለው ክብደት ሟሸሸ፣ አፍንጫዋ በራሷ ጊዜ ወረደች።

ቆመች። አልታጠፈችም።

ነዳጅ፣ ማግኔቶ፣ ዋና ስዊች፣ ሁሉም ጠፋ። ጡሩንባዋም አብራ ሞተች። እፎይ ብዬ በሩን ስከፍት የእሳት አደጋ መኪናው አጠገባችን ደርሷል። አንዱ ልጅ ከመንደርደሪያው ገፍተን እናውጣት ብሎ እጁን ሲያነሳ፣ ከኋላ ሲሮጥ የመጣው መካኒክ "እንዳትነካት!" ብሎ ጮኸ።

ከዚህ በኋላ ያየሁት ለኮርሱ ከከፈልኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። መካኒኩ አፍንጫዋ ስር በጀርባው ተኛ። "ነይ እይው" አለኝ። ጎንበስ አልኩ። ያ ጉልበት ያልኳችሁ ብረት ቀጥ ብሏል፤ መሃሉን ግን አላለፈም። የቀረው የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ነው። በመዳፉ ተረከዝ ገፋ አደረገው። ቀጭ። ካፒቴን ዋናውን ስዊች አበሩ። አረንጓዴው በራ።

ወደ ኋላ ተገፍታ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ትል ነበር። መሬት ላይ ቆማ፣ ሁላችንም አርፈናል ብለን ከወረድን በኋላ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መብረር ሳልጀምር ለዘጠኝ ዓመት ኦዲተር ነበርኩ። የሰው መዝገብ ሳይ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው። ያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ የአውሮፕላኗን የብልሽት መዝገብ ጠየቅሁ። ከመብረሬ በፊት በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ግን። የሚያሳፍረው የእኔ ድርሻ ይኼ ነው። ወደ ኋላ ገለጥኩ።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። በሦስት የተለያየ እጅ ጽሑፍ። "የፊት እግር አረንጓዴ ዘግይቶ በራ።" መልስ፦ አምፖል ተቀየረ። "የፊት አረንጓዴ አሁንም ይዘገያል።" መልስ፦ ስዊች ጸዳ። "የፊት አረንጓዴ ዘግይቶ በራ፣ ፓምፕ ረጅም ጊዜ ሠራ።" መልስ፦ በክሪክ ተነስታ ተሞከረች፣ ችግር አልታየም። ፊርማ፣ ፊርማ፣ ፊርማ።

"ዘገየ" የምትለዋ ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፋ አንድም ሰው አላነበባትም። አምፖል እኮ አይዘገይም። ወይ ይበራል ወይ አይበራም። የሚዘገየው ብረት ነው። ሦስተኛው ሰውዬማ ፓምፗን ሳይቀር ጽፎላቸዋል! ፓምፗ አልቆም ያለችው የምትጠብቀው ስዊች አልጫን ስላላት ነው፤ ስዊቹ ያልተጫነው ጉልበቱ ስላልደረሰ ነው። ክሪክ ላይ ደግሞ ነፋስ የለም፣ ንዝረት የለም፣ ብርድ የለም። ሃንጋር ውስጥ የማይታይ ብልሽት አየር ላይ የለም ማለት አይደለም።

መካኒኩን ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። ሲፈታው የመገጣጠሚያው ፒን ደርቋል። አሮጌ ግሪስ ከአቧራ ጋር ጠጥሮ ሸክላ መስሏል። ብረቱን ወደ መቆለፊያው የሚስበው ስፕሪንግም ደክሟል። ስፕሪንጉን ቀየረ፣ ፒኑን አጸዳ፣ ግሪስ ሰጠው። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝና "ሦስተኛዋ ፊርማ የእኔ ናት" አለኝ። ለጥገና ክፍሉ ከ5 1 ልሰጥ ነበር። ለዚህች ዓረፍተ ነገር ብዬ 2 አድርጌዋለሁ።

ቢሮውስ? ቢሮው "በሰላም አርፋችኋል፣ ጉዳት የለም" አለ። ከዚያ ጨለማዋን እያየን የዞርንባትን 50 ደቂቃ እንደ ስልጠና ሰዓት ቆጥሮ አስከፈለኝ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያች 50 ደቂቃ የተማርኩበት ጊዜ የለም። ቢሆንም! አውሮፕላኗን ለብልሽት ያበቃት ቤት ለብልሽቱ ደረሰኝ ሲቆርጥ ደስ አይልም። ደረሰኙን እንደ ኦዲተር አስቀምጬዋለሁ።

ለአውሮፕላኗ 4 የሰጠሁት ስለሚገባት ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ በምትችለው ቋንቋ ተናግራለች፦ በመብራት፣ በፓምፕ ድምፅ፣ በመጨረሻም በጡሩንባ። ሲጎትቷት ታዘዘች፣ ሲያሳርፏት ቆመች። አንዷን ነጥብ የነሳኋት ለወንበሯ ነው። እሱም ወገብ ይሰብራል።

ልትመዘገቡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የብልሽት መዝገቡን አሳዩኝ በሉ። የዛሬውን ገጽ አይደለም፣ የሁለት ወሩን። አንድ ብልሽት በተለያየ እጅ ጽሑፍ ተደጋግሞ ካያችሁ፣ መልሱን ሳይሆን ቅሬታውን አንብቡ። አናሳይም ካሉ ሻይ ጠጥታችሁ ውጡ። እኔ የሄድኩበት ቤት አሳይቶኛል፤ ቀድሜ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከተመዘገባችሁ ደግሞ ሽማግሌውን ካፒቴን ጠይቁ። ተራቸው ረጅም ነው፣ ጠብቁ።

ከአምስት ቀን በኋላ የመጨረሻ በረራዬን በዚያችው አውሮፕላን በረርኩ። ካፒቴን "ሌላዋን ትፈልጊያለሽ?" ሲሉኝ "አይ፣ እሷው ትሁን" አልኩ። ከመንደርደሪያው ጎን ማንሻውን አወረድኩና ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቆጠርኩ። ካፒቴን ሰምተውኛል፣ ምንም አላሉም። ስድስት ላይ ሦስቱም በሩ። ፓምፗ ጸጥ አለች።

ሞተር አጥፍተን እንደወረድን መዝገቡን ተቀብዬ ብልሽት በሚጻፍበት ቦታ ጻፍኩ፦ "ሦስቱም አረንጓዴ። የፊቱ በ6 ሰከንድ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል።" እዚያ ቦታ ላይ እንዲህ አይጻፍም። መካኒኩ አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከስሩ ፈረመ።